የደጅ ጠኚው ዝላይ

በንጉሠ ነገሥት ጓንግሹ ዘመነ መንግሥት፣ በሃያ ዘጠነኛው ዓመት፣ በስምንተኛው ወር መባቻ ላይ፣ የኤሜይ ተራራ ከወገቡ በላይ በደመና ተሸፍኖ፣ ከወገቡ በታች በዝናብ ጨቅይቶ ሳለ፣ አንድ የእንግሊዝ ባላባት በአራት ሰው ትከሻ ላይ ተቀምጦ ይወጣው ነበር። ስሙ ሰር ኦብሪ ክላክስተን ይባላል፤ ገንዘብ ያለው፣ ሥራ የሌለው፣ አገር ለአገር እየዞረ «እሱንም አይቻለሁ» ለማለት ብቻ የተፈጠረ ሰው ነው። ከኋላው ጓዙ ይከተላል፤ የመታጠቢያ ገንዳው፣ የሚታጠፍ አልጋው፣ በገለባ የታሸገ ወይን ጠጁ፣ ባለ ሦስት እግሩ ፎቶግራፍ ማንሻው። ከጓዙም ኋላ፣ ጫማው ጭቃ ጠጥቶ፣ አንገቱን ግን እንደ ተሿሚ ቀና አድርጎ፣ ታን ሾዪ ይራመዳል። ስለ እንግሊዙ ከዚህ በላይ የሚባል የለም፤ ስለ ታን ግን መናገር የግድ ነው።

ታን ሾዪ ደጅ ጠኚ ነበር። አባቱ በጨው ንግድ ያተረፈውን ሀብት አፍስሶ ለልጁ ማዕረግ ገዛለት፤ ማዕረግ በገንዘብ ይገዛል፣ ሹመቱ ግን በደጅ ጥናት ይገኛልና፣ ልጁ ወደ ቼንግዱ ወርዶ በግዛቱ እንደራሴ ደጃፍ ቆመ። እዚያም እንደ እርሱ ማዕረግ ገዝተው ሹመት ያጡ ሰዎች ከሹመቱ ብዛት እጥፍ ድርብ ሆነው ጠበቁት፤ በቼንግዱ ድንጋይ የወረወረ ወይ ውሻ ይመታል ወይ ደጅ ጠኚ እየተባለ የሚቀለድበት ዘመን ነው። ጨረቃ በተወለደች ቀንና በሞላች ቀን፣ ሁሉም የክብር ልብሳቸውን ለብሰው በእንደራሴው አደባባይ ይሰለፋሉ፤ እንደራሴው አይወጡም፤ ጸሐፊ ወጥቶ «ታይታችኋል» ይላቸዋል፤ እጅ ነስተው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ታን ይህን ሲያደርግ ከአሥር ዓመት በላይ ሆነው። የአባቱ ሀብት አለቀ፤ ሚስቱ ወደ ወላጆቿ ተመለሰች፤ የክብር ልብሱም የኪራይ ሆነ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት እንዲህ ያለውን ነው።

ባዕዳን ወታደሮች ቤጂንግን ወርረው ቤተ መንግሥቱን ከዘረፉ ወዲህ ደግሞ የአገሩ ሹማምንት አንድ አዲስ በሽታ ይዟቸው ነበር፤ እርሱም ባዕድን ማስደሰት ነው። ከባዕድ ራስ አንዲት ጠጉር ብትጎድል የሹም አንገት ትጎድላለችና፣ ትናንት «ሰይጣን» ይሉት የነበረውን ዛሬ በወንበር አሸክመው አገር ያስጎበኙት ጀመር። ሰር ኦብሪ ኤሜይን ማየት እንደሚሻ ባመለከተ ጊዜ የእንደራሴው ጸሐፊ ታንን አስጠርቶ፣ ቀና ብሎ ሳያየው ተናገረው።

«እንግዳው ተራራ ማየት ይወዳል። አሳየው። ደስ ብሎት ይመለስ።»

«በነፍሴ ጌታዬ» አለ ታን።

«በነፍስህ ምን አደርገዋለሁ? በደቡብ ያለች አንዲት ትንሽ ወረዳ ሹም የላትም። ደስ ብሎት ከተመለሰ ያንተ ናት።»

«ምናልባት ደስ ባይለውስ ጌታዬ?»

«ያኔማ ደጃችን የት ይሄዳል፤ ትጠናለህ» አለ ጸሐፊው።

እንግዲህ የታን ዕድል በአንድ እንግሊዛዊ ፊት መፍካትና መጨፍገግ ላይ ተንጠለጠለ፤ ያ ፊት ደግሞ ከተራራው ይልቅ የከበደ ሆነ። ዝንጀሮዎቹ ከዛፍ ወርደው ከተሳላሚዎች እጅ ለውዝ ሲነጥቁ ታን በደስታ አጨበጨበ፤ ሰር ኦብሪ ግን ለአስተርጓሚው ለፓን አንድ ቃል ጣል አደረገ።

«ህንድ አገር አይቻለሁ ይላል» አለ ፓን። ፓን በወደብ ከተማ ከባዕዳን ጋር ያደገ፣ ጠጉሩን በዘይት የሚያስተኛ፣ ለጌታው የሚያጎነብሰውን ያህል ለወገኑ የሚኮፈስ ሰው ነበር።

ፏፏቴው ጋ ሲደርሱ ታን የእንግዳውን ፊት እንደገና አየ።

«ስዊስ አገር ከዚህ ይበልጣል ይላል።»

ጉሙ ሸለቆውን ሲሞላውና ጥዱ ከጉሙ ውስጥ ብቅ ሲል፣ ስንቱ ባለቅኔ ያለቀሰበትን ነገር፣ ታን በእጁ አመለከተ።

«ለጉምማ አገሬ ይበቃኛል ይላል» አለና ፓን ሳቀ። ታንም አብሮ ሳቀ፤ ምን ያድርግ፣ ወረዳይቱ አለች።

በተራራው ራስ ላይ ያለው ገዳም አበምኔት አባ ሚያኮንግ ይባላሉ። ለተሳላሚ አንድ ሻይ፣ ለሹም ሌላ ሻይ፣ ለባዕድ ደግሞ ሦስተኛ ሻይ ያስቀምጡ የነበሩ፣ ዓለምን ንቀው የመነኑ ግን የዓለምን ደረጃ አንድም ሳይስቱ የሚያውቁ አባት ናቸው። ከገዳሙ በስተ ጀርባ ምድር በድንገት ያልቃል፤ እዚያ ነው ያ ገደል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ከኋላ ሆና ደመናው ከገደሉ በታች ሲነጠፍ፣ በደመናው ላይ እንደ ቀስተ ደመና ያለ የብርሃን ክብ ይታያል፤ በክቡም መካከል አንድ ጥላ ይቆማል። ተሳላሚዎች በነጭ ዝሆን የሚቀመጠው ቅዱስ ፑሺያን ነው ብለው ይሰግዱለታል፤ ጥላው እጁን ያነሣል፣ ይጠራል ይላሉ፤ በድሮ ዘመን ተጠራን ብለው ወደ ብርሃኑ የዘለሉ ነበሩ። መንግሥት ይህን በአዋጅ ከልክሎ በአፋፉ ላይ ሰንሰለት ዘርግቷል፤ የሚዘል ከታየም ተጠያቂው በስፍራው ያለው ሹም ነው።

ተራራው ራስ ላይ በደረሱ በሦስተኛው ቀን ብርሃኑ ወጣ። ሰር ኦብሪ ወደ አፋፉ ቀረበና የራሱን ራስ በብርሃን አክሊል ተከቦ አየው፤ ደስ አለው፣ ግን አልገረመውም፤ ለእኔ የሚገባ ነው ያለ ይመስል ባርኔጣውን አነሣለት። አባ ሚያኮንግም አጠገቡ ቆመው የራሳቸውን ራስ አዩ፤ ታንም የራሱን። የዚያ ብርሃን ጠባዩ እንዲህ ነው፤ ስንቱም ሰው ትከሻ ለትከሻ ቢቆም እያንዳንዱ የሚያየው የራሱን ጥላ ብቻ ነው። ሰውን ለማሞኘት ከዚህ የተሻለ ነገር ሰማይ አልሠራም።

እንግሊዙ ፎቶግራፉን አንሥቶ ሲያበቃ ዞር ብሎ ፓንን አናገረው፤ ፓንም ታንን።

«መቼ ነው የሚዘሉት? ይላል።»

«እነማን?»

«ሰዎቹ ናቸዋ። ሻንጋይ ላይ በእራት ግብዣ ነግረውታል። ብርሃኑ ሲወጣ ሰው ይዘላል ተብሎ ነው ይህን ሁሉ አገር ያቋረጠው።»

«ክልክል ነው በለው። አሁን የለም፤ ቀርቷል።»

ፓን ተናገረ። የሰር ኦብሪ ፊት እንደ ክረምት ሰማይ ጠቆረ፤ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ ብዙ ተናገረ።

«ተታልያለሁ ይላል» አለ ፓን። «ተራራ አይቷል፣ ጉም አይቷል፣ ጥላውን ደግሞ በሻማም ያያል። እስከ ነገ እጠብቃለሁ፤ ካልሆነ ይህ መሪ የተባለ ሰው ምንም ሊያሳየኝ አልቻለም ብዬ ለእንደራሴው እጽፋለሁ ይላል። ወንድሜ ታን፣ እኔ እንጃ፤ ወረዳህ ስታመልጥ እያየኋት ነው።»

ታን ሮጦ አባ ሚያኮንግ ጋ ገባ። እግራቸው ላይ ወድቆ ያገኘውን ተስፋ ሁሉ ነገራቸው፤ ሹመት ካገኘ የገዳሙን ደወል እንደሚያድስ ማለ። አበምኔቱ መቁጠሪያቸውን እያንከባለሉ አሰቡ።

«መዝለል ክልክል ነው፣ ልጄ» አሉ። «መውደቅ ግን... ከሰንሰለቱ በስተ ግራ፣ የተሰበረው ምሰሶ ጋ፣ ከአፋፉ በታች ሁለት የሰው ቁመት ያህል ወርዶ እርከን አለ፤ ቁጥቋጦ ሞልቶበታል፤ ጉም ሲኖር ከላይ አይታይም።»

«እርስዎ እንዴት አወቁ፣ አባ?»

«ተሳላሚ ለቅዱሱ ብሎ አምባሩንና የጠጉር ወርቁን ይጥላል። ያን ሁሉ ገደል ይብላው? መነኮሳቱ በገመድ እየወረዱ ይለቅሙታል» አሉ አባ ሚያኮንግ፣ ፊታቸው ምንም ሳይለወጥ።

በዚያ ዘመን በዚያ አገር ሰው በወኪል የማያደርገው ነገር አልነበረም፤ ሀብታም የተፈረደበትን ግርፋት ድሀ ተቀጥሮ ይገረፍለታል፤ ሰነፍ ተማሪ ጎበዝ አቁሞ ያስፈትናል፤ መንገድ የከበዳት እመቤት ገረዷን ልካ ስለቷን ታስገባለች፤ ሰማይም ምድርም ይህን ይቀበላል ተብሎ ይታመናል። ስለዚህ ታን የሚዘልለት ሰው ለመፈለግ አላፈረም፤ ወንበር ተሸካሚዎቹ ሩዝና የኮመጠጠ ጎመን ወደሚበሉበት ሄደ። አለቃቸው ጂን የሚባል፣ አንገቱ በሸክም ብዛት ትከሻው ውስጥ የገባ ሰው ነበር።

«አንድ ደፋር ሰው ፈልጌ ነበር» አለ ታን።

«ለምን ሥራ ጌታው?»

«ከገደሉ የሚዘል።»

ጂን የጎረሰውን ውጦ ወደ ጓደኞቹ ዞረ። «ሰምታችኋል? ጌታው ሞት ይዘው መጥተዋል፤ የሚወስድ?»

«ሞት አይደለም። ከታች እርከን አለ፤ መነኮሳቱ ሁልጊዜ ይወርዱበታል።»

«እነሱ በገመድ ነዋ የሚወርዱት» አለ አንዱ። «እኛስ በምን ልንወርድ ነው፤ በጸሎት?»

«ዝለሉና እንግዳው ይይ፤ ሲሄድ እናወጣችኋለን።»

«እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ጌታው» አለ ጂን። «እኔ ስዘል ማን ነው የሚሾመው? እኔ ነኝ?»

«አንተማ ምን ልትሆን ነው የምትሾመው?»

«እንግዲያው የሚሾመው ይዝለላ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ ሳይዘሉ መብላት የሚፈልጉ ሹምስ እርስዎን አየሁ።»

ሁሉም ሳቁ፤ አንዱማ ጎመኑ ትን አለው። ታን ፊቱ ቀልቶ ወጣ፤ የተሸካሚ አፍ ለሹም ጆሮ አይመጥንም ብሎ ራሱን አጽናና፤ ነገር ግን ያ ቃል እንደ እሾህ ሥጋው ውስጥ ገብቶ ቀረ።

ማምሻውን በገዳሙ ማድ ቤት ደጃፍ ተቀምጦ ሳለ አንዲት አሮጊት ወደ እርሱ መጣች። ወይዘሮ ጎንግ የሚሏት፣ ከሬንሹ አውራጃ በእግሯ የመጣች ሸማኔ ናት፤ አንድ ልጇ በታላቁ ወንዝ ላይ ጀልባ በገመድ ሲጎትት ውሃ ወስዶት፣ ሬሳው ሳይገኝ ቀርቷል። የሹመት ባርኔጣውን አይታ እጅ ነሣችው።

«ጌታዬ፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት። አንድ ነገር ቢነግሩኝ።»

«ምንድን ነው እማማ?»

«ከዚያ ብርሃን ውስጥ እጁን የሚያነሣው ይጠራል ይላሉ። ዛሬ እኔንም ጠራኝ። እውነት ነው? ልጄ አጥንቱ እንኳ አልተገኘም፤ ምናልባት እዚያ ካለ ብዬ ነው።»

ፓን ከኋላ ቆሞ ይሰማ ነበር። ወደ ታን ጆሮ ጠጋ ብሎ፣ «ይኸውልህ» አለው። «ሰማይ ራሱ ላከልህ። አዎ በላት፤ አንዲት ቃል ናት። ነገ ትዘላለች፣ ነገ ወዲያ ትሾማለህ።»

ፍርድ አይጓደልምና እውነቱ ይነገር፤ ታን ሾዪ በዕድሜው አንድ መልካም ነገር ሠርቷል፤ ያም በዚያች ማምሻ የሠራው ነው። ፓንን በክርኑ ገፋው። አሮጊቷን ወደ ማድ ቤቱ አስገባት፤ ትልቁ የሩዝ ድስት እንፋሎቱን ይተፋ ነበር፤ ኩራዙን ከኋላዋ ያዘና ጥላዋን በእንፋሎቱ ላይ ጣለ።

«እጅዎን ያንሡ እማማ።»

አነሣች፤ ጥላውም አነሣ።

«ዝቅ ያድርጉ። አዩ? ገደሉም ያው ነው። ፀሐይ ከኋላዎ፣ ደመናው ከፊትዎ። የጠራዎት የገዛ ጥላዎ ነው እንጂ ማንም አይደለም።»

አሮጊቷ እጇን ደጋግማ እያነሣችና እያወረደች ጥላዋን አየች፤ በመጨረሻ ጥርስ በሌለው አፏ ሳቀች።

«እኔስ ልጄ ነው ብዬ። አይ እርጅና። ከአገሬ እዚህ ድረስ ራሴን ለመጥራት ኖሯል የደከምኩት?»

«ነገ ወደ ቤትዎ ይውረዱ።»

«አንዴ አይቼው እወርዳለሁ፣ ጌታዬ። እድሜ ይስጥዎት። እርስዎ ባይነግሩኝ ምን እሆን ነበር?» አለችና ሄደች።

በማግሥቱ ሰር ኦብሪ ጓዙ እንዲታሰር አዘዘ፤ የጽሕፈት ሳጥኑንም አስመጣ። ታን ለእንደራሴው የሚጻፈው ደብዳቤ እንደ ሆነ አወቀ። ከአሥር ዓመት በላይ የቆመባቸው ማለዳዎች፣ «ታይታችኋል» የሚለው ጸሐፊ፣ የኪራይ ልብሱ፣ የአማቱ ምላስ ሁሉ በፊቱ ተሰለፉ፤ ካሁን ወዲያ ያ ደጃፍ ከመቃብር እንደማይለይ ታወቀው። እርከኑ አለ፤ ቁጥቋጦውም አለ፤ ሁለት ቁመት ብቻ ነው። የሚሾመው ይዝለል ያለው ማን ነበር? ይዝለላ። ውሃ የወሰደው ሳር ይጨብጣል፤ ታን ግን ሳሩን ለመጨበጥ ራሱ ወደ ውሃው ገባ።

ባርኔጣውንና ልብሱን አውልቆ ለአባ ሚያኮንግ ሰጠ፤ ሰማያዊ ጥምጥም አሰረ፤ የተሳላሚ ቢጫ ከረጢት በአንገቱ አጠለቀ። ፓን ሲያየው ሳቁ አፍኖት በእጁ አፉን ያዘ።

«እንግሊዙ ቢያውቀኝስ?» አለ ታን።

«አንተን? ከቼንግዱ ጀምሮ ከአንገትህ በላይ አይቶህ አያውቅም። ጀርባህን ስጠው እንጂ ግድ የለህም።»

ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ወደ ምዕራብ ዘንበል ስትል ደመናው ከገደሉ በታች እንደ ተዘረጋ ጥጥ ተነጠፈና ብርሃኑ ወጣ። ተሳላሚዎች ከሰንሰለቱ ወዲህ በግንባራቸው ተደፉ። ሰር ኦብሪ ራሱን በጥቁር ጨርቅ ውስጥ ከትቶ ከማንሻው ጀርባ ቆመ። ታን ወደ ተሰበረው ምሰሶ ሄደ፤ ሰንሰለቱን ተሻገረ፤ እጆቹን ዘረጋ። በደመናው ላይ የገዛ ጥላው አክሊል ደፍቶ እጆቹን ዘርግቶ ታየው፤ ያ የአሮጊቷን ጥላ በኩራዝ ያሳየ ሰው፣ ያን ጥላ ሲያይ፣ ወረዳ ላይ ተሹሞ ጥላ ተይዞለት ሲሄድ ተመለከተ። ተሳላሚው ሁሉ ቅዱስ ያይበታል፤ ታን የሹመት ጽሕፈት ቤት አየበት። ዘለለ።

ቁጥቋጦው ተቀበለው፤ ቀኝ ቁርጭምጭሚቱ ግን ድንጋይ ላይ ተሰበረ። ሕመሙን ዋጠው፤ ጉሙ ሸፈነው። ከላይ መጀመሪያ ጸጥታ ሆነ፤ ቀጥሎ ተሳላሚዎቹ እንደ አንድ ሰው አለቀሱ፣ የቅዱሱንም ስም ጠሩ። ከለቅሶው መካከል ፓን ለጌታው ሲያወራና ጌታው በደስታ ሲመልስለት ሰማ። ሆነ፤ ወረዳይቱ ተገኘች፤ ታን በተሰበረ እግሩ ላይ ተኝቶ ፈገግ አለ።

ያን ጊዜ ነው የወይዘሮ ጎንግ ድምፅ የመጣው፤ ቅርብ፣ ከራሱ በላይ፣ ከምሰሶው ጋ።

«ያ ጌታ ነው» ትላለች። «የለም ብሎኝ የነበረው ጌታ ነው፤ ፊቱን አይቼዋለሁ።»

«የትኛው ጌታ እማማ? ከዚያ ይራቁ» አላት አንድ ሰው።

«የተማረው። ጥላ ነው አለኝ። ጥላ ከሆነ እሱ ለምን ሄደ? አውቆ ነው ለካ። አሮጊት ናት፣ ምን ያደርግላታል ብሎ ደበቀኝ እንጂ አውቆ ነው።»

እንግሊዙ ፊቱን አስተውሎት አያውቅም፤ እርሷ ግን በኩራዝ ብርሃን አይታው አውቃዋለች። ታን ይህን ሁሉ ሰማ። ሰንሰለቱ ሲንሿሿ ሰማ። አንዲት ቃል ትበቃ ነበር፤ «አለሁ» ቢል ይበቃ ነበር፤ አሮጊቷ ቁልቁል አይታ ሹሙን ከቁጥቋጦ ውስጥ እንደ ፍየል ተሰንቅሮ ታገኘውና ትስቅ ነበር፣ አገሯም ትገባ ነበር። ነገር ግን እርሷ ከሰማች እንግሊዙም ይሰማል፤ እንግሊዙ ከሰማ ዝላዩ ቀልድ ይሆናል፤ ዝላዩ ቀልድ ከሆነ ወረዳይቱ የለችም። ታን ሾዪ አፉን በገዛ እጁ ያዘ። የቅዱሱ ስም ከላይ እየተጠራ፣ እርሱ መዳፉን ነክሶ ዝም አለ።

ወይዘሮ ጎንግ እንደ ልጃገረድ ተንደርድራ ነበርና እርከኑን አልፋ ሄደች። ልብሷ ሲያልፍ ነፋሱ በጉንጩ ላይ ተሰማው። ከዚያ በኋላ ምንም አልተሰማም፤ ያ ገደል ጥልቅ ነው።

ሰር ኦብሪ ያን አላነሣውም፤ ሥዕሉ የሚያርፍበትን የማንሻውን መስታወት እየለወጠ ነበር። መስታወቱን ሲያስገባ ነገሩ አልቆ አገኘው፤ ትንሽ ተቆጣ፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ደርሶት ነበርና በዚያው ምሽት እየዘፈነ ወረደ። መሪው የት አለ ብሎ አልጠየቀም። መነኮሳቱ በማግሥቱ ታንን በገመድ አወጡት፤ ወደ ኋላ የቀረው ጂንም በጀርባው አዝሎ አወረደው፤ በመንገዱ ሁሉ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ ያ ተረበኛ እንዲህ ዝም ሲል ታን ከስድብ ሁሉ ይልቅ ፈራው።

አሁን ሹመቱን እንይ። እንግሊዙ ደስ ብሎት ተመለሰ፤ ደስታውንም በየእራቱ ግብዣ አወራ፤ ወሬው ሻንጋይ ደረሰ፤ እዚያ በባዕዳን ጋዜጣ «በዚህ አገር ሰዎች እስከ ዛሬ ራሳቸውን ለጥላ ይሠዋሉ፣ ሹሞቹም ቆመው ያያሉ» ተብሎ ታተመ። ቤጂንግ አነበበች፤ እንደራሴው ተወቀሱ፤ እንደራሴው ጸሐፊውን፣ ጸሐፊውም ታንን ጠራ።

«አንተ የት ነበርክ?»

ታን በከዘራ ተደግፎ ቆሟል። ዘላዩ እኔ ነኝ ቢል የንጉሠ ነገሥቱን ማዕረግ ይዞ ባዕድን ያታለለ ወንጀለኛ ነው፤ ቅጣቱም ስደት ነው። አልነበርኩም ቢል መሪነቱን የተወ ሰነፍ ነው።

«አልነበርኩም ጌታዬ። አሞኝ ተኝቼ ነበር።»

«ስንት ሰው ሞተ?»

«አንድ» አለ ታን።

«እንግሊዙም አንድ ነው ያለው፤ ልክ ነው» አለ ጸሐፊው። «ማን ይባላል?»

«አይታወቅም ጌታዬ።»

ጸሐፊው ብዕሩን ነከረ፤ ስሙ የማይታወቅ ተሳላሚ ብሎ ጻፈ፤ ቀጥሎም ታን ሾዪን ከደጅ ጠኚዎች መዝገብ ፋቀው። ያ ሁሉ ዘመን የቆመበት ደጃፍ እንኳ ቀረበት።

ሰር ኦብሪ አገሩ ገብቶ መጽሐፍ አሳተመ። በመጽሐፉ ውስጥ ጀርባውን የሰጠ፣ እጆቹን የዘረጋ፣ ቢጫ ከረጢት ያጠለቀ ሰው ይታያል፤ ከሥሩ «በእምነቱ የሞተ» ተብሎ ተጽፏል። ስለ ሁለተኛዋ አልጻፈም፤ ሁለት ብል አንባቢ አያምነኝም፣ ሥዕሏም የለኝ ብሎ ተዋት። የአውራጃው ታሪክ ጸሐፊዎች ደግሞ ታን ሾዪ የሚባል ሰው ሥራውን ትቶ በመተኛቱ ተሻረ ብለው አንድ መስመር ሰጡት። እንግዲህ አንዱ ሰው በባዕድ መጽሐፍ ሰማዕት፣ በአገሩ መጽሐፍ እንቅልፋም ሆኖ ተቀመጠ፤ ሁለቱም ውሸት ነው። ታሪክ የሚሉት ይኸው ነው፤ ሰዎች ዓይናቸውን ጨፍነው ይጽፉታል፣ ልጆቻቸው ተነሥተው ያነቡታል። የሟቹ ቁጥር በሁለቱም ዘንድ አንድ ነበርና ጎደለ ብሎ የጠየቀ አልተገኘም፤ ሬንሹ ላይ ያሉት ጎረቤቶቿም መንገድ ላይ ታማ ቀርታ ይሆናል ብለው ተዉት።

ታን ከዚያ በኋላ ብዙ ኖረ፤ እንዲህ ያለ ሰው ቶሎ አይሞትም። እጅ ጽሕፈቱ ያማረ ነበርና በአንድ ገበያ ዳር ተቀምጦ፣ ሰዎች በቤታቸው ለሙታናቸው በሚያቆሙት እንጨት ላይ ስም እየጻፈ ራሱን አሳደረ፤ ስሙ ያልተጻፈለት ሙት በረኃብ ይንከራተታል ይባላልና ገበያው ደርቶለት ነበር። እስኪያረጅ ድረስ የማንንም ስም ጻፈ፤ የነጋዴ፣ የአራሽ፣ የሕፃን፣ አንድ ጊዜም የአማቱን። የወይዘሮ ጎንግን ስም ግን አልጻፈም።